እስክትጠሩ ጠብቁ

ጅማ፣ ጊንጆ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአብነት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጌራ ዝናቡ አልቆመም ብሎ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ጋሽ ገላና ነገረኝ፤ ብርዱ እንዳይጎዳሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ የተማሪዎች ዩኒፎርም አላስነሣ ብሏት ከስፌት መኪናዋ ጋር ተጣብቃ ነው የምትውለው።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ወታደር ልሆን ተመዝግቤያለሁ። ከእኔ አፍ ሳይሆን ከአይሱዙ ሹፌር አፍ መስማትሽ ምን ያህል እንዳንገበገበሽ እስክሪብቶሽ ወረቀቱን ከቀደደበት ቦታ አይቻለሁ። ይቅር በይኝ። ጋሽ ገላና ከምዝገባው ግቢ ስወጣ በአጋጣሚ አየኝ እንጂ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። ያለሽበት ቀበሌ ኔትወርክ ቢኖረው ኖሮ ያኑ ዕለት እደውልልሽ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው፤ አልደውልም ነበር።

«ማን ገፋፋሽ?» ላልሽኝ፣ ማንም። ፈትያም አይደለችም፤ የጎረቤት ልጅ ሆና አብረን አድገን አብረን ወደቅን፣ አብረን ተመዘገብን። መስከረም ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ለእኔ ሁለተኛ ውድቀቴ ነበር። አንቺ በሃያ ዓመትሽ ጤና ኬላ ተመድበሽ ሰው ታክሚ ነበር። ወንድማችን ነቢዩ በሃያ ዓመቱ ወታደር ሆኗል። እኔ በሃያ ዓመቴ የእማዬን ቁልፍ እተክላለሁ፣ መሬት የወደቀ ክር እለቅማለሁ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሁሉ «አንቺስ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ይለኛል። እጄ ላይ መርፌ እያየ።

የጤና ምርመራውን አልፌያለሁ። ሃምሳ አለቃዋ ሰብስባን «እስክትጠሩ ጠብቁ፤ ስልካችሁ ክፍት ይሁን፤ እስከዚያው ሩጡ፤ አውቶቡስ እስክትሳፈሩ ድረስ ሐሳቡን የቀየረ መውጣት ይችላል» አለችን። ስሮጥ ልቤ ከመጠን በላይ ይመታል፣ የወር አበባዬም ዘግይቷል፤ ምን ላድርግ፣ ምንስ ይዤ ልሂድ? ቀን አልተነገረንም። ትናንት የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ዘጋሁበት። ከዚያ እነሱ ቢሆኑስ ብዬ መልሼ ብደውል ዩኒፎርሙ የጠበባት ልጅ እናት ናት።

እማዬ አታውቅም። እኔ ራሴ እስክነግራት ድረስ አደራ። ነቢዩም አይስማብኝ፤ ለአንቺስ ይደውልልሻል? ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከመጠራቴ በፊት ለሁለት ቀን አንቺ ጋ ልምጣ?

እህትሽ ጽዮናዊት


ጌራ፣ ጤና ኬላ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽዮኔ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩት ተናድጄ ነው። ቁጣዬን አንሥተሽ የቀረውን ያዢልኝ።

የጠየቅሽኝን በዝርዝር እመልስልሻለሁ። ልብሽ የሚመታው ከሩጫ ብቻ ካልሆነና ደረጃ ስትወጪም ዓይንሽ ላይ ከጨለመብሽ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ሂጂና ታዪ። የወር አበባሽ ከጭንቀት የተነሣ ሊዘገይ ይችላል፤ አትደንግጪ። ግን መጠበቂያውን በብዛት ያዢ፤ እዚያ ደርሰሽ ማንን እጠይቃለሁ ብለሽ እንዳትሳቀቂ። ካልሲ ከምንም በላይ ነው። ወፍራም፣ ቢያንስ አምስት ጥንድ። እግርሽን በየቀኑ ታጠቢ፣ በጣቶችሽ መሐል ሳይቀር አድርቂ። ውኃ ከቋጠረ አታፍርጪው። በአዲስ ጫማ እንዳትሄጂ፤ ከአሁኑ ልመጂው።

ስለ መምጣትሽ፣ ተዪው። ከጭራ ከተማ ወዲህ መንገዱ ተቆርጧል፤ ቤቴም ጠባብ ነው፤ እንግዳም አለብኝ። ከአሁን በፊትም እማዬ ልምጣ ስትል እንዲህ ማለቴን አውቃለሁ። አትቀየሚኝ።

ነቢዩ ይደውልልሻል ወይ ላልሽኝ፣ ደህና ነው። ስለሱ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ለእማዬ ዛሬውኑ ንገሪያት። ጊንጆ ውስጥ ነገር በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ ሌላ ሰው ከቀደመሽ ያ ነው የማይሽርላት።

እኔ እፈራለሁ፣ ጽዮኔ። የምፈራበት ምክንያት አለኝ፤ ግን ዛሬ አልጽፈውም።

አብነት


ጅማ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዬ፣

ጤናሽን ጠይቄ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ትላንት ጋሽ ገላና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ሲጠብቀኝ የጀመርኩትን ደብዳቤ ዛሬ ነው የምጨርሰው።

ነገርኳት። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩ ትጠይቂኛለሽ፤ መጀመሪያ የለውም። እየሰፋች ሳለ «እማዬ፣ ወታደር ልሆን ተመዝግቤያለሁ» አልኳት። መኪናዋን አላቆመችም። የያዘችውን እጅጌ እስከ ጫፉ ሰፋችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«የት ነው የሚወስዷችሁ?»

«ማሰልጠኛ። የቱ እንደሆነ አልነገሩንም።»

«መቼ?»

«እስክትጠሩ ጠብቁ ነው ያሉን።»

«ታዲያ የምታውቂው ነገር ምንድን ነው?»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «አንዱን ሰጥቼ ድምፁ ብቻ ቀረልኝ። አንቺንም በስልክ ላኑርሽ?» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስበላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ ቶሎ ጨርሼ እነሣለሁ።

ሁለት ጊዜ ጠሩን፤ ሁለት ጊዜም «ተራዝሟል» አሉን። ለጎረቤት ሁለት ጊዜ ተሰናብቻለሁ። የፈትያ እናት ለመንገድ ብለው የሠሩልንን ጭኮ ቁጭ ብለን በላነው። አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አልሄድሽም እንዴ?» ይለኛል፤ የሸሸሁ ይመስለኛል።

በየጠዋቱ ከፈትያ ጋር የጅሬንን ዳገት እንሮጣለን። ቀይ ቡና የጫኑ አህዮች ቁልቁል ሲወርዱ እኛ ሽቅብ። እሷ ግማሹ ላይ «ወላሂ ሳምባዬ ወጣ» ብላ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። እኔ አልቀመጥም። ከቆምኩ ማሰብ ስለምጀምር ነው። አንቺ የምትፈሪበትን ባትጽፊልኝም የእኔን ልጻፍልሽ፦ ከሁሉ ኋላ መቅረትን እፈራለሁ። ሰው ፊት ሲጮኹብኝ ማልቀስን እፈራለሁ። ጠመንጃ እፈራለሁ፤ በሕይወቴ የነካሁት ብረት መቀስ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ስም የለውም። ፊቴን ስታጠብ ይመጣል፣ እጄን ውኃው ውስጥ አስቀርቶ ይሄዳል።

እሑድ ነቢዩ ደወለ። እማዬ ከአፌ ቀድማ «ጽዮናዊት ልትከተልህ ነው» አለችው። እኔ ስልኩን ተቀብዬ «ነቢዬ» ስለው ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ያኔ ከኋላው ጉሬዛ ሲጮህ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌም «ነቢዩ፣ ኮቱ! ኮቱ!» እያለ በኦሮምኛ ይጠራዋል። ከዚያ ተቋረጠ። እሱ ያለው ቆላ፣ በረሃ ውስጥ፣ ካምፕ ነው ሲለን ነው የኖረው። በረሃ ላይ ጉሬዛ አለ? ካምፕ ውስጥ በስሙ ብቻ «ና» እያለ የሚጠራው ሽማግሌስ ማነው?

ለእማዬ ምንም አላልኩም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። በእማዬ ይዤሻለሁ፣ መልሽልኝ።

ጽዮናዊት


ጌራ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽዮናዊት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ እማዬ ከምትሰፋበት አጠገብ አይሁን።

ነቢዩ እኔ ጋ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። እንግዳ አለብኝ ያልኩሽ እሱ ነው። ለእማዬ የሚደውለው ከቤቴ በላይ ካለው ጉብታ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። የሰማሽው ሽማግሌ የቡና ማሳው ባለቤት ናቸው።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ሆስፒታል ወራት ተኝቶ ሲወጣ የሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እኔ ነው። በክራንች በር ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ታካሚ መስሎኝ «ካርድ ይዘሃል?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ገና ሳይቀመጥ በእማዬ ስም አስማለኝ። «ሁለት እግር እያለኝ ነው የሸኘችኝ፤ ሰው ሠራሽ እግር አጥልቄ ቀጥ ብዬ መራመድ እስክችል አታየኝም» አለ። አንድ ወር ነው፣ ሁለት ወር ነው ብዬ እሺ አልኩ። ሰው ሠራሹ ተሠርቶለት ቆስሎበት አወለቀው፤ ወሩ ወርን ወለደ፤ ውሸቱም እየከበደ ሄደ። ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንሥቼ «መንገዱ ተቆርጧል» ብዬ እንደጻፍኩ አንቺ ቁጠሪው።

እንዴት እንደቆሰለ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም። ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ካልሲና ስለ ውኃ መቋጠር ያን ያህል የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው። ስለ እግር እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

መመዝገብሽን የሰማ ጊዜ ሁለት ቀን አልበላም። ትናንት «እኔ ነኝ ወደዚያ የወሰድኳት፤ በስልክ ጎበዝ መስዬ» አለኝ።

ልክ ነው ወይ፣ ጽዮኔ? እሱን ብለሽ ነው የተመዘገብሽው? ከሆነ እሱ እዚያ የለም። አትሂጂ አላልኩሽም፤ ሂጂም አላልኩሽም። ያለ እውነት ግን አትሂጂ። አውቶቡስ እስክትሳፈሩ ድረስ ሐሳቡን የቀየረ ሰው መውጣት ይችላል ብላለች ብለሽ ነበር ሃምሳ አለቃዋ።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። እሱ እንደጻፍኩልሽ አያውቅም።

አብነት


ጅማ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብነት፣

ሰላምታ ያለኝ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ አልጽፍም።

ዓመት ከሁለት ወር! ጌራ እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እማዬ ባለፈው ፋሲካ በግ ሲታረድ የእሱን ድርሻ ቋንጣ አድርጋ «የሚሄድ ሰው ከተገኘ» ብላ እስኪነቅዝ አስቀመጠችው። አሁን ምን እየሰፋች እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሱሪ። በተረፈ ጥሩ ጨርቅ፣ ለነቢዩ። «ከስቶ ይሆናል፣ ወገቡን ላጥብበው ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ መቀሱን ጥዬ ወጥቼ ጓሮ አስመለሰኝ። ፈትያ እርጉዝ ነሽ እንዴ ብላኝ ተኳረፍን።

የእማዬን ፊት ማየት አልችልም። አንቺ እንዴት ቻልሽበት? መፍራት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በፊት የማውቅ መስሎኝ ነበር። ያ ፍርሃት ምን እንደሚመጣ ባለማወቅ ነበር። አሁን እግሬን ሳጥብ አየዋለሁ። ግራውን ሳሙና ስቀባ እጄ ይቆማል።

ላቀረብሽልኝ ጥያቄ፣ አዎ፣ በከፊል እሱን ብዬ ነው። ምዝገባው ላይ ሃምሳ አለቃዋ «ቤተሰብሽ ውስጥ ያገለገለ አለ?» ስትለኝ «ወንድሜ!» ያልኩት ድምፄ ግቢውን ሞልቶ ነበር። በከፊል ግን ራሴን ብዬ ነው፤ የትኛው ከፊል እንደሚበልጥ አሁን አላውቅም።

ቀኑ ተቆርጧል። ኅዳር 16፣ ሰኞ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ይህ አይራዘምም ብለዋል። አንድ ቦርሳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ። ሹሩባዬን ዛሬ ፈታሁት፤ ቅዳሜ እቆረጠዋለሁ።

ለነቢዩ አንድ ጥያቄ አድርሽልኝ። በመሄዱ ይቆጨዋል? አዎ ወይም አይደለም ይበለኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም ከሁለታችሁም።

ጽዮናዊት


ጌራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽዮኔ፣

ቁጣሽን ተቀብያለሁ፤ ይገባኛል። ደብዳቤሽን አነበብኩለት። የሱሪው ቦታ ላይ ስደርስ «በቃ» ብሎ በክራንቹ ወጣ፤ እስኪመሽ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ዋለ። በማግስቱ ወረቀት ስጪኝ አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ እጅ ነው።

«ጽዮን፣ እንደምን አለሽ። አዎ ወይም አይደለም በል ብለሻል፤ አልችልም። በመሄዴ አይቆጨኝም። የምቆጭበት አንድ ጠዋት አለ፤ እሱን አልጽፍልሽም። ከሄድሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ብቻዬን የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ስናወራ ለካ አብዛኞቻችን እዚያው ስናለቅስ ኖረናል። ፊተኛም ኋለኛም አትሁኚ፤ መሐል ሁኚ። ሲጮሁብሽ ዓይናቸውን ሳይሆን ግንባራቸውን እዪ። ውኃ ባይጠማሽም ጠጪ። እግርሽ ሲላጥ ዕለቱን ተናገሪ፤ ጎበዝ ለመምሰል አትደብቂ። ፈሪ ነኝ ብለሽ አትፈሪ። እኔ ያልፈራሁ እየመሰልኩ ነው ለናንተ ስደውል የኖርኩት፤ ያ ነው አንቺን ያሳሳተሽ። ጉሬዛውን በመስማትሽ ግን ደስ ብሎኛል። መዋሸት ደክሞኝ ነበር። ወንድምሽ ነቢዩ።»

ከመጨረሻው መስመር በኋላ ሌላ መስመር ጽፎ ሰርዞታል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ብታነሺም አይነበብም፤ ሞክሬያለሁ።

አሁን የምልሽን አትንገሪያት ብሎኛል፤ ሆኖም መደበቅ ይበቃኛል። ለቅዳሜ ጋሽ ገላናን ጋቢና ውስጥ ቦታ ጠይቆታል። እስከ ጅማ። መንገድ ላይ አጋሮ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ እማዬን በር ላይ አታስቁሚያት። አንቺ ግን ቤት ሁኚ። እኔ ክትባት ዘመቻ ላይ ስለሆንኩ አልመጣም፤ ይህ ሰበብ አይደለም። ግማሹ ሰበብ ነው። እማዬን እፈራታለሁ።

አብነት


ጅማ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ለአብዬ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ያለፈውን ያለ ሰላምታ ስለጻፍኩ ይቅር በይኝ።

መጣ። አጋሮ ላይ አልወረደም። እንዴት ሆነ ብለሽ እየተብሰለሰልሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉንም እሱ ይንገርሽ፣ እኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። መኪናው በራችን ላይ ሲቆም እማዬ ጨርቅ ያመጡላት መስሏት ወጣች። እሱ ከጋቢናው መውረድ አቅቶት ጋሽ ገላና አቅፎ አወረደው። እማዬ ፊቱን አየች፤ ከዚያ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ፊቱን አየች።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው።

«ዓመት አልፎኛል፣ እማዬ።»

በጥፊ መታችው። ሰፈሩ ሁሉ እያየ። ከዚያ የመታችውን ጉንጭ በመዳፏ ይዛ አልለቅ አለች፤ ሁለቱም እዚያው ቆሙ። እኔ ክራንቹን ከመሬት አንሥቼ ይዤ ቆሜ ነበር፤ የት እንደማደርገው አላወቅሁም።

ባንቺም ተቆጥታለች። «እሷም ትምጣ፤ የእሷ ጥፊ ተቀምጦላታል» ብላለች። ብትመጪ ጥሩ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቦርሳዬን አብራኝ አስተካከለች። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልላ፣ «አትሂጂ እንዳልልሽ እየጠበቅሽ ነው?» አለችኝ። «እላለሁ፤ አትሂጂ። ሰማሽ? ብያለሁ፤ ነገ አላለችኝም እንዳትይ።»

የመጨረሻውን ካልሲ አቀበልኳት።

«ከሄድሽ ግን አንድ ነገር ማይልኝ። ቢከፋሽ ከፋኝ በይኝ። ብትቆስዪ ቆሰልኩ በይኝ። ዓይንሽ ቢጠፋ፣ እጅሽ ቢቀር፣ በደረትሽ እየተሳብሽም ቢሆን ወደዚህች በር ነው የምትመጪው። እኔ ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው በስልክ ስመርቅ ነው የኖርኩት። ሁለተኛ እንደዚያ አታድርጉኝ።»

ማልኩላት። የቦርሳውን ዚፕ ዘጋችልኝ።

ሰኞ፣ ግቢው ውስጥ

አብዬ፣ ይህን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። እማዬና ነቢዩ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ደብዳቤውን ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ ጋሽ ገላና ያደርስልሻል።

ሃምሳ አለቃዋ ቅድም «ሐሳቡን የቀየረ አሁን ይውጣ፤ ማንም ምንም አይለውም» ብላ ጠየቀችን። ከዚያ ፈትያ ከአጠገቤ ወጣች። «ጽዮን፣ አልቻልኩም፣ ወላሂ አልቻልኩም» አለችኝ። እቅፍ አድርጌያት ለቀቅኳት። ስትሄድ ጀርባዋን እያየሁ እንዴት እንደቀናሁባት ብነግርሽ አታምኚም። አንድ እግሬ ተነሥቶ ነበር።

ለምን እንዳልተከተልኳት ትጠይቂኛለሽ። ለነቢዩ አይደለም፤ እሱ አሁን ቤት ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬም አይደለም፤ ከፈትያ ጋር ብወጣ ለብቻዬ አልታይም ነበር። ብቀር ነገ ጠዋት ምን ሆኜ እንደምነሣ አላውቅም፤ ብሄድም አላውቅም። ሁለቱም ያስፈሩኛል። ብቻ የመሄዱ ፍርሃት መንገድ አለው፤ የመቅረቱ ዝም ብሎ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ይህ በቂ ምክንያት ይሁን አይሁን እዚያ ደርሼ አየዋለሁ። እግሬን መልሼ መሬት ላይ አደረግኩት።

ነቢዩ በአጥሩ በኩል ግንባሩን በጣቱ እየነካ ያሳየኛል። ሊያስቀኝ ነው፤ ሳቅኩለት። እማዬ አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የአውቶቡሱን ታርጋ በቃሏ እየያዘች ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ከማሰልጠኛው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእሷ ነው የምጽፈው፤ አንቺ ሁለተኛ ነሽ፣ አትቀየሚ። «ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ አልጀምርም። ምን ብዬ እንደምጀምር ከአሁኑ አውቄዋለሁ፦ «እማዬ፣ ደርሻለሁ። እፈራለሁ።»

ጽዮናዊት